የእንጆሪ ቀለምና ጠቀሜታ በዘር ውርስ ዓይን
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው የገበያ እንጆሪ ታሪክ የሚጀምረው ከገበሬ ወይም ከዕፀዋት ሊቅ ሳይሆን ከአንድ የምሽግ መሐንዲስ ነው። አሜዴ ፍራንሷ ፍሬዚየ የተባለው ፈረንሳዊ በደቡብ አሜሪካ የነበሩትን የእስፓኝ ምሽጎች እንዲያጠና እ.ኤ.አ. በ1712 ተላከ፤ በ1714 ሲመለስም ፍሬው ትልልቅ የሆነውን የቺሌ እንጆሪ ይዞ መጣ። ውኃ ብርቅ በሆነበት የባሕር ጉዞ የተረፉት 5 ችግኞች ነበሩ። ሁሉም ሴቴዎች ስለ ነበሩ፣ ከሰሜን አሜሪካው የቨርጂኒያ እንጆሪ አጠገብ እስኪተከሉ ድረስ ደህና ፍሬ አልሰጡም። ዛሬ በብዙ አገር የሚበላው የእነዚህ የሁለቱ ዲቃላ ነው፤ ይህንንም ዱሼን በ1766 ገልጦታል። በኢትዮጵያ ደጋ ከእሾሃም ቁጥቋጦ የሚለቀመው እንጆሪ በስም ይመሳሰል እንጂ ሌላ ተክል ነው።

የዲቃላው ክሮሞዞም 56 ነው፤ ይኸውም 7ቱ 8 ጊዜ ተደግመው ነው። ይህን ያህል ድግግሞሽ ባለበት የአንዱ በራሂ (ጂን) ጉድለት በሌላው ይሸፈናል ተብሎ ይጠበቃል። በቀለም ረገድ ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ቀዩ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። ተክሉ የሚያዘጋጀው ፌኒልአላኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ፣ ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ነው። ኢንዛይሞቹን የሚያሠራው ማብሪያ ማይብ 10 የተባለው በራሂ ሲሆን፣ በ2020 የታተመ ጥናት በዲቃላው ውስጥ ካሉት 3 አምሳያዎች የፍሬውን ቀለም የሚገዛው አንዱ መሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ ያለው ነገር እጅግ ያስገርማል። በአንድ ነጭ የዱር እንጆሪ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ በራሂው መካከል ገብቶ ፕሮቲኑን ቆርጦታል፤ ውስጡ ቀይ በሆነው የገበያ እንጆሪ ደግሞ ሌላ ዘላይ ቁራጭ ከበራሂው ፊት ተቀምጦ ሥራውን አበርትቶታል።

ታዲያ የቀላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማልን? ይህ አነጋገር በማስታወቂያ ቢበዛም የችኮላ ፍርድ ነው። ቪታሚን ሲም ሆነ ኤላጂታኒን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ስለሆነ፣ ነጭ እንጆሪ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። ከተበላውም አንቶሲያኒን ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው በአንጀት ውስጥ በረቂቅ ሕዋሳት ይለወጣል። ስለዚህ በብርጭቆ ውስጥ የታየው ውጤት በሰውነት ውስጥ እንደ ተገኘ ተቆጥሮ ሊነገር አይገባም። አዳቃዩ ግን በሺሕ የሚቆጠሩ ችግኞችን እያንዳንዳቸውን በቤተ ሙከራ ለመመርመር ገንዘቡ ስለማይበቃው፣ ዛሬም አብዛኛውን የሚጥለው በዓይኑ አይቶ ነው።