ግጥምና ዜማ ደራሲው በፊልም



የዜማ ደራሲን ሕይወት በፊልም መተረክ የቆየ ልማድ ነው። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ዜማ ደራሲው ኮል ፖርተር «ናይት ኤንድ ዴይ»ን ሠራ። ፖርተርን ሆኖ የሚጫወተው ኬሪ ግራንት ፒያኖው ፊት ተቀምጧል፤ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዝናቡ ይንጠባጠባል፣ ዘፈኑም እዚያው ይወለዳል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ፊልሞች ይህንኑ መንገድ ያዙ፤ ድርሰት ከሰማይ ዱብ የሚል ጸጋ መሰለ፣ ልፋቱም ተረሳ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» እኛንም ይነካል። መደምደሚያው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በኢትዮጵያ ለተራቡት የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ነው። ፊልሙ ዘፋኙና ዜማ ደራሲው ፍሬዲ ሜርኩሪ ሕመሙን ከኮንሰርቱ አስቀድሞ ለጓደኞቹ ሲነግር ያሳያል፤ ሐኪም የነገረው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጊዜው የተገለባበጠው ልብ ለመንካት ነው። የወሎና የትግራይ ወገኖቻችን ሰቆቃ የአንድ ዘፋኝ ድል ማድመቂያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. የ1984ቱ «አማዴዎስ» ይለያል። ዜማ ደራሲው ሞዛርት ታሞ ተኝቶ የሙያ ተቀናቃኙ ሳልየሪ ሲጽፍለት እናያለን። ይህ በታሪክ አልሆነም። ሆኖም ሞዛርት መጀመሪያ የወፍራሙን ድምፅ፣ ቀጥሎ የቀጭኑን፣ ከዚያም የመሣሪያዎቹን ድርሻ በየተራ ሲያስጽፈው ዜማ እንዴት እንደሚገነባ በጆሯችን እንሰማለን። እንዲህ ያለውን ፊልም የምወደው ሙያውን ስለሚያከብር ነው።

በአገራችን ራሔል ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበችው «አስኒ» ዘጋቢ ፊልም የክራር ባለሙያዋንና ተዋናይቷን አስናቀች ወርቁን ዘክሯል። አስናቀች ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ስትመላለስ የሰማ ሰው ግጥም ፊት ለፊት፣ በአድማጭ መካከል እንደሚሠራ ያውቃል።

የእኛው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤስ? የደብረ ኤልያሱ ሊቅ «አፋጀሽኝ» የተባለውን ተውኔት ጽፏል፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማ ለሠራለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙርም ግጥሙን ደርሷል። ዮሐንስ አድማሱ ሕይወቱንና ሥራውን በመጽሐፍ አቆይቶልናል። ፊልም ሲሠራለት ካሜራው ከቅኔ ቤት ይጀምር። ለምድ የለበሰው ተማሪ ብቻውን ወጥቶ ቅኔ ሲቆጥር፣ አመሻሽ ላይ ለየኔታ ሲነግር፣ የኔታም ሲያርሙትና ሲያፈርሱበት፣ እንደገና ሲቆጥር እንይ። ገና ጉባኤ ቃና በሚባለው የሁለት ቤት ቅኔ የሚለፋ ልጅ ነገ የአገር መዝሙር ይጽፋል፤ የዮፍታሔ ታሪክ ትልቁ ድራማ ይህ ነው።

ፊልም ሠሪ ልጆቻችን ሆይ፣ የቅኔ መምህራኑና አዝማሪዎቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስለ ሕይወታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ አሠራራቸውም ጠይቋቸው፤ አንድ ቤት ግጥም እንዴት እንደሚያነሡ፣ የትኛውን ቃል ጥለው የትኛውን እንደሚያስቀሩ ቅረጹ። ደራሲን የሚያስከብረው ሥራው ነውና፣ ሥራውን ያላሳየ ፊልም ስሙን ብቻ ጠርቶ ያልፋል።