ከወገብ መታጠቂያው በፊት የጆንያው ክብደት

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በበዓል ቀን የቀረበው ማዳበሪያ፣ የተሰበሰበው እህልና የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ይዘረዘራል። ያ ሁሉ ኩንታል በማን ጫንቃ ላይ እንዳለፈ ግን እምብዛም አይነሳም። ከጫኝና አውራጆቻችን ብዙዎቹ የእኛው አባላት ልጆች ናቸው።

ለእነዚህ ሠራተኞች ሰፊ የወገብ መታጠቂያ ይገዛላቸው የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይቀርባል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ጥያቄው መታጠቂያው በእርግጥ ይከላከላል ወይ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ማስረጃዎችን መርምሮ፣ መታጠቂያው ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ጉዳት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ። በኋላም በ160 መደብሮች ዕቃ የሚያነሱ ከ9,000 በላይ ሠራተኞችን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣ። ዘወትር በሚታጠቁትና በማይታጠቁት መካከል በወገብ ሕመምም ሆነ በጉዳት ካሣ ጥያቄ ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም የታጠቀ ሰው ተማምኖ ከአቅሙ በላይ እንዳያነሳ ያሰጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ከመሬት ሲያነሳ፣ ሸክሙ ከወገቡ በራቀ ቁጥር የጀርባ ጡንቻዎች ከሸክሙ ክብደት ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ይሳባሉ። ያ ኃይል የሚያርፈው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባሉት ዲስኮች ላይ ነው። እንደተሸከሙ ወገብን መጠምዘዝ ሲጨመርበት ዲስኩ ከቦታው ሊወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫን ይችላል። ልጆቹ ማጅራታቸው ላይ የሚያደርጉት እጥፍ ጆንያ ቆዳን ከመላላጥ ያድናል እንጂ አንገትን ከክብደቱ አያድንም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጅ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ከላይ የጠቀስኩት ተቋም ደግሞ ለማንሳት ስሌቱ መነሻ ያደረገው 23 ኪሎ ነው፤ እሱም በምቹ ሁኔታ፣ ሳይጎነበሱና ሳይጠመዘዙ። የእኛ የእህል ጆንያ 100 ኪሎ ነው! ለዚህ የሚበቃ መታጠቂያ አልተሠራም።

ስለዚህ እህሉን በ50 ኪሎ እንሙላ እላለሁ። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ እየመጣ አውርደነው የለም እንዴ? አየር የማያስገባው የእህል ማከማቻ ከረጢትም በዚሁ መጠን ይሠራል። 50 ኪሎም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሁለት ሊያነሱት ይገባል። የጆንያ ወጪ ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ቦርዱ ከመታጠቂያው ዋጋ ጋር አስተያይቶ ያስላው። ክፍያውም ይታሰብበት፦ ሁለቱ ጆንያ እንደ አንድ ኩንታል ተቆጥሮ ሠራተኛው ገቢው እንዳይቀንስ በውሉ ይጻፍ። ከዚያ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ይገዛ። ጆንያው ከመሬት ሳይሆን ከወገብ ከፍታ እንዲነሳ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር። ቁልሉም ሰው ተንጠላጥሎ የሚወጣበት ተራራ አይሁን።

መከላከያ ልብስ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የማያንሸራትት ሽፍን ጫማ ለጫኝና አውራጅ ከመታጠቂያ ይሻለዋል። በሞተር ሳይክል ቀበሌ ለቀበሌ ለሚዞሩት ባለሙያዎቻችን የራስ ቁር ግዴታ ይሁን፤ ግን የአገጩ ማሰሪያ ካልታሰረ በአደጋ ጊዜ ወልቆ ይወድቃል።

አንድ ሰው ከቁልል ወይም ከመኪና ላይ ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ ሌላ አደጋ ካላሰጋ በስተቀር ብብቱን ይዛችሁ አታስነሱት፣ ውኃ ለማጠጣትም ቀና አታድርጉት። አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ ኅብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ባለበት ያቆየው፣ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ። ይህን የመጋዘን ኃላፊዎች በየመጋዘኑ ለሠራተኞቹ እንዲያሳዩልኝ እጠይቃለሁ።