በአፈርና በዛፍ ላይ የሚኖሩ ማይቶችና የመሬት አጠቃቀማችን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ የሚናገሩ ወንድሞችና እህቶች ስላሉ፣ እኔ በዓይን በጭንቅ ስለሚታይ ፍጥረት ላወራችሁ መጥቻለሁ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን በየዓመቱ ለፀረ ተባይ የምናወጣውን ገንዘብ የሚነካ ጉዳይ ነው።

በመርሳም ሆነ በግራና በመስኖ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ፓፓያ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በበጋው ሙቀት ቅጠሉ መጀመሪያ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል፤ ቀጥሎ ይጠወልጋል፤ ከጀርባው ስስ ድር ይታያል። ይህ ቀይ ሸረሪት የምንለው ተባይ ነው። ስሙ ሸረሪት ይሁን እንጂ ወገኑ ማይት ከሚባሉት ነው። ማይት የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ሲሆን እግሩም እንደ እነሱ ስምንት ነው። ነፍሳት ግን ስድስት እግር ነው ያላቸው። ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ማይትን የማይገድለውም ስለዚህ ነው።

ማይት ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። በዓለም ላይ ከ50 ሺህ በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ሰብል የሚያጠቁት ጥቂቶቹ ናቸው። በዚያው ቅጠል ጀርባ ቀዩን ሸረሪት እያደነ የሚበላ ሌላ ፈጣን ማይት አለ። ቡና ያላችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጅማቶቹ በሚገናኙበት ጥግ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ አዳኙ ማይት ይጠለልባቸዋል። ከዛፉ ሥር በረገፈው ቅጠል ውስጥ ደግሞ እንደ ጥንዚዛ ጠንካራ ልባስ ያላቸው ማይቶች ቅጠሉን እየከረተፉ ለሻጋታና ለባክቴሪያ ያመቻቹታል። በአንድ ካሬ ሜትር የደን አፈር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማይቶች ሊገኙ ይችላሉ። ኮምፖስት አዘጋጁ እየተባልን ስንመከር ኖረናል፤ እነዚህ ያለ አበል የሚሠሩ የኮምፖስት ሠራተኞች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀይ ሸረሪት በሙቀት ወቅት ከዕንቁላል ተነሥቶ ለመራባት የሚፈጅበት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ልባስ ያለው የአፈር ማይት ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይፈልጋል፤ የሚጥለውም ዕንቁላል ጥቂት ነው። እንግዲህ መሬቱን በነካካን ቁጥር ማን ቀድሞ ይመለሳል? ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ስናርስ፣ የማሽላውን አገዳ ለማገዶና ለከብት ሙልጭ አድርገን ስናነሣ፣ ከብርቱካኑ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርገን ስናቃጥል፣ ዘገምተኛው ቤቱን ያጣል። መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው። ላምዳ ሳይሃሎትሪንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ቀይ ሸረሪቱን በሚገባ አይገድሉም፤ አዳኙን ግን ይጨርሱታል። ከርጭቱ በኋላ ተባዩ ጭራሽ በዝቶ ሲገኝ «መድኃኒቱ የተበረዘ ነው» ብለን ከመጋዘን ሠራተኛ ጋር የምንጣላው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

«ዛፍ ተክለናል እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ በየቦታቸው ከተነሡት ጋር አነጻጽሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ ዛፉ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ እንዳላገኘው ገልጿል። ከተጨመረው ውስጥ ግን ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፣ ልጅ አስተምሮልናል፤ አልወቅሰውም። ሆኖም ቅጠሉ ዘይታማና ጠንካራ ነው፤ የረገፈውንም ለእንጀራ መጋገሪያ ጠርገን ስለምንወስደው ሥሩ ራቁቱን ይቀራል። በአንጻሩ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ግቢና በመካነ መቃብር የቀሩት ወይራ፣ ሾላና ዋንዛ ቅጠላቸው እዚያው ይበሰብሳል። ከንክኪ የተከለሉት ተራሮቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ማሳችን ውስጥ የጠፋው ፍጥረት ተመልሶ የሚመጣው ከእነዚህ ነው፤ ማይት ክንፍ ስለሌለው ደግሞ መሸጋገሪያ ሣር ያለበት እርከንና ድንበር ያስፈልገዋል።

መጠለያ ምን ያህል እንደሚወስን የካሳቫውን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ገደማ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረንጓዴ ማይት በኡጋንዳ ታየና የአፍሪካን ካሳቫ አጠቃ። መፍትሔው ከብራዚል መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በቤኒን የተለቀቀ አዳኝ ማይት ሆነ። ይህ አዳኝ ቀን ቀን በተክሉ ጫፍ ለጋ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወርዶ ያድናል። ጫፉ ጸጉራም በሆነው የካሳቫ ዓይነት ላይ በርከት ብሎ ይገኛል፤ ለስላሳው ላይ ያን ያህል አይበረክትም።

ጤፍ ደጋግማችሁ አትረሱ ልላችሁ አልመጣሁም፤ ራሴም ጤፍ በላተኛ ነኝ። የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ከፍራፍሬ ዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል አይቃጠል። የእርከኑ ሣር ሲታጨድ ከሥሩ አይላጭ። ሦስተኛውና ዋናው ለዩኒየናችን አመራር ነው፦ ፀረ ተባይ ከመሸጡ በፊት ገበሬው ቅርንጫፉን በነጭ ወረቀት ላይ አራግፎ እንዲያይ ባለሙያ ያሳየው። የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካሉ ማይት ነውና የነፍሳት መድኃኒት አይሰጠው። ከጠጠር መንገድ ዳር ያለና አቧራ የለበሰ ዛፍ ከሆነ መጀመሪያ ቅጠሉ በውኃ ይታጠብ፤ አቧራ ለቀይ ሸረሪት ይመቸዋል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ እኛ ደግሞ የተመዘገበውንም ያለ ቦታው ባንሸጥ ጥሩ ነው። እዚሁ ሐብሩ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከማሳችን አፈርና ቅጠል ወስደው እንዲያዩልን ዩኒየኑ በደብዳቤ ቢጠይቅ ደግሞ እሰየው ነው።

ከአዳራሹ በር ላይ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ፣ ዘቅዝቄ አቁሜያለሁ። በአንዱ ከማሽላ ማሳ፣ በሌላው ከዋንዛ ሥር ያመጣሁት አፈር በወንፊት ላይ አለ፤ ከላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከታች አረቄ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጧል። ሙቀቱን ሸሽተው የሚወርዱት እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ማጉያ መነጽሩ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ እንድታዩ እጠይቃለሁ።