የሌለ አገር ስለ ማቀድ
(በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት እንደ ጨዋታ የሚቈጠር ነው። ይኸውም በምድር ላይ የሌለ አገር የሚፈጥር ደራሲ፥ ታሪኩን መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ምን ምን ማሰናዳት ይገባዋል? የሚል ነው። ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ድርሰት ፋንታሲ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ንግግር የምናብ ልብ ወለድ እንለዋለን። «ያለው አገር ስንት ችግር እያለበት፥ ተማሪ ስለ ሌለ አገር የሚያስብበት ጊዜ ከየት አገኘ?» የሚለን ወንድም ወይም እኅት እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳንመልስለትም ከዚህ መድረክ አንወርድም። ነገር ግን አስቀድመን ሥራው ምን እንደ ሆነ እንመልከት፤ ነገሩን ሳይመረምሩ መፍረድ የዳኛ ወግ አይደለምና።

ያልነበረ ነገር መተረክ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ረጅም ድርሰት በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) በሮማ ከተማ ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት። ዛሬ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚዋጉት ነገሥታት በታሪክ መዝገብ የሚገኙ አይደሉም፤ ልብ የወለዳቸው ናቸው። እንግዲህ ልብ የሚወልድ ከሆነ እርግዝናም አለው ማለት ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ እርግዝና ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ሰው ፕሮፌሰር ጄ. አር. አር. ቶልኪን ናቸው። እኒህ ሰው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። «ሆቢት» የተባለው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1937፥ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ትልቁ ሥራቸው ደግሞ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታተመ። የዚያ አገር መሠረት የተጣለው ግን ከዚህ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1915 ገደማ፥ የ23 ዓመት ወጣት ሳሉ፥ ማንም የማይናገረው አንድ ቋንቋ ማበጀት ጀመሩ። ቋንቋው መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ሲያገኝ ተናጋሪ ሕዝብ ፈለገ፤ ሕዝቡ ታሪክ ፈለገ፤ ታሪኩም የሚፈጸምበት ምድር ፈለገ። እሳቸውም ታሪኩ ለቋንቋው ሲባል እንደ ተሠራ እንጂ ቋንቋው ለታሪኩ ጌጥ እንዳልተጨመረ ተናግረዋል።

ምድሩን ሲሠሩ ደግሞ ከካርታ ጀመሩ። አስቀድሞ ካርታ አበጅቶ ታሪኩን በካርታው ልክ ማስኬድ እንደሚቀል፥ ታሪኩ ካለቀ በኋላ ካርታ ለማውጣት መሞከር ግን ግራ መጋባትን እንደሚያመጣ አስተውለው ነበር። ጥንቃቄያቸው በምድር ብቻ አልቀረም። በመጽሐፉ ውስጥ መንገደኞቹ ተለያይተው በየፊናቸው ሲጓዙ፥ በአንዱ ወገን የሚታየው የጨረቃ መጠን በሌላው ወገን ከሚታየው ጋር አልስማማ ቢላቸው፥ ተመልሰው አስተካከሉት። አንባቢ ይህን ባይቈጥረው እንኳ ይሰማዋል፤ ግድግዳው የተንጋደደ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ውኃ ልክ ባይዝም ቤቱ እንደሚያስፈራው ማለት ነው።

በ1939 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረጉት ንግግር፥ ይህን አሳብ ባጭሩ አስረድተዋል። ፀሐይ አረንጓዴ ናት ማለት ለማንም ይቀላል፤ አረንጓዴ ፀሐይ ብትወጣ የምትታመንበትን ዓለም መሥራት ግን ብዙ ድካምና አሳብ ይጠይቃል አሉ። እኛም በዚህ ላይ ጥቂት እንጨምር። ፀሐይዋ አረንጓዴ ከሆነች፥ እሸቱ መብሰሉን ገበሬው በምን ያውቃል? ሸማኔው ለሙሽራይቱ ቀሚስ ምን ዓይነት ጥለት ይጥላል? ሐኪምስ የበሽተኛውን ፊት አይቶ ምን ይላል? አንዱን ነገር የለወጠ ሰው ከእርሱ ጋር የተሳሰረውን ሁሉ ለመለወጥ ይገደዳል። ማቀድ የምንለውም ይህንኑ መገደድ ወድዶ መቀበል ነው።

ነገሩ እንዲገለጽ ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር እናንሣ። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚቈረጠው ጨው አሞሌ ተብሎ፥ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው እየወጣ፥ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው ይጨምር ነበር። እስከዚህ ድረስ እውነተኛ ታሪክ ነው። አሁን ደግሞ ከአሞሌ በቀር ሌላ ገንዘብ የሌለበት አገር በአሳባችን እንሥራ። በዚያ አገር ዝናም ለገበሬው በረከት፥ ለባለጠጋው ግን ጥፋት ነው፤ ገንዘቡ ይሟሟልና። ስለዚህ ባለጠጋው ቤቱን የሚሠራው እንደ ልማዱ ውኃ ካለበት ሳይሆን ከደረቅ ኮረብታ ላይ ነው፤ በግምጃ ቤቱም በክረምት እሳት አይጠፋም። እሳት ካልጠፋ እንጨት ለቃሚ ያስፈልጋል፤ ጫካውም በየዓመቱ ይሸሻል። ተበዳሪ ዕዳውን በሐምሌ መክፈል ይወዳል፥ አበዳሪ ግን በጥር ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ ዳኛው የሚፈርደው ለማን ነው? ወደ ጨው ሜዳው የሚወርደውን በር የያዘ ሰውስ ዘውድ ባይደፋም ንጉሥ አይደለምን? እነሆ፥ ዘንዶ ሳናመጣ፥ ሰይፍም ሳናስመዝዝ፥ የሚጣሉ ሰዎችና የሚጣሉበት ምክንያት አገኘን።

ርቀትም እንዲሁ ነው። ከዋናው ከተማ እስከ ጠረፉ 300 ኪሎ ሜትር ነው ብለን በካርታችን ላይ ብንጽፍ፥ መልእክተኛው በበቅሎ በቀን 50 ኪሎ ሜትር፥ የንጉሡ ጦር ደግሞ በእግሩ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብንቈርጥ፥ የጠረፉ ገዥ በሸፈተ ጊዜ ወሬው 6 ቀን፥ ጦሩ 20 ቀን ይፈጅበታል። ሽፍታው 26 ቀን አለው ማለት ነው። በእነዚህ 26 ቀናት ውስጥ እህሉን ይሰበስባል? ገበሬውን ያስታጥቃል? ወይስ ፀፅቶት የምሕረት መልእክት ይልካል? ታሪኩን የሚወልደው ይህ ቍጥር ነው። ይህን ሳያስብ የጻፈ ደራሲ ግን ጦሩን በአንድ ሌሊት ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር መሸፈት ድፍረት መሆኑ ይቀራል።

ስለ አስማትም አንድ ቃል እንናገር። አስማት ሁሉን የሚችል ከሆነ፥ በታሪኩ ውስጥ የሚያስጨንቅ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ወሰንና ዋጋ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ሌ ጉዊን በ1968 «የኧርዝሲው አስማተኛ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ለዚህ ሁለት ሕግ ሠርተዋል። አንደኛ፥ በአንድ ነገር ላይ ኃይል የሚኖረው እውነተኛ ስሙን ያወቀ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ፥ በአንዱ ደሴት ዝናም የጠራ ሰው በሌላው ደሴት ድርቅ ሊያመጣ ይችላል። ግዕዝ የተማሩ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ «አስማት» የ«ስም» ብዙ ቍጥር ነውና፥ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ስሞች» ማለት ነው። ክፉ ሰው እንዳይሠራበት ሲል የክርስትና ስሙን የሚሸሽግ ሰውም በአገራችን አልጠፋም። ደራሲዋ ይህን ከእኛ ወሰዱት ማለታችን አይደለም። ሌሎች በብዙ ምርምር የሚደርሱበት ዕቃ በገዛ ጓዳችን ተቀምጦ ሳለ፥ ሳንከፍተው መቅረታችንን ለማሳየት ነው።

ይሁን እንጂ ዕቅድም ወጥመድ አለው። ካርታውን ሲያስውብ፥ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ሲቈጥር፥ አንድ ምዕራፍ ሳይጽፍ የሚያረጅ ሰው አለ። ይህንንም ከራሳቸው ከቶልኪን እንማራለን። በ1945 ባሳተሙት አንድ አጭር ልብ ወለድ፥ ኒግል የተባለ ሠዓሊ የአንዲት ዛፍ ሥዕል ይጀምርና እያንዳንዱን ቅጠል ሲያሳምር ዛፉን ሳይጨርስ መሄድ ግድ ይሆንበታል። የዚያን አገር ጥንታዊ ታሪክ የያዘው «ሲልማሪሊዮን» የተባለው መጽሐፋቸውም እሳቸው በ1973 እስኪሞቱ ድረስ አላለቀም፤ ልጃቸው ክሪስቶፈር አዘጋጅቶ ያሳተመው በ1977 ነው።

ስለዚህ መጠኑ ይህ ይሁን እንላለን፤ የታሪኩ ዋና ሰው የሚረግጠውን መንገድ፥ የሚበላውን እንጀራ፥ የሚፈራውን ሕግ፥ ከዚያም አልፎ ከሩቅ የሚያየውን አንድ ተራራ ማወቅ ይበቃል። የታወቀውም ሁሉ በመጽሐፉ አይዘረገፍም። ጎተራው የሞላ ሰው ለእንግዳው የሚያቀርብለት አንድ ሞሰብ ነው፤ እንግዳው ግን ጎተራው ሙሉ መሆኑን ከአቀራረቡ ያውቃል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ ከአገር ችግር መሸሽ አይደለምን? ቶልኪን በዚያው በ1939 ንግግራቸው፥ ከእስር ቤት የሚያመልጠውን እስረኛና ከጦር ሜዳ የሚከዳውን ወታደር አንድ አድርጎ መንቀፍ እንደማይገባ ተናግረው ነበር። መልሱ መልካም ነው፤ ለእኛ ግን ሙሉ አይመስለንም። እኛ የምንለው፥ በሚገባ የታቀደ የምናብ አገር ደራሲውን ከአገሩ አያሸሸውም፤ እንዲያውም አገሩን ይገልጥለታል ነው። የሌለ አገር የሚያቅድ ሰው፥ ማን ያርሳል? ማን ይበላል? ግብሩን የሚሰፍረው ማን ነው? ቍናውስ የማን ነው? ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እነዚህን ለሌለው አገር የጠየቀ ሰው ላለው አገር ሳይጠይቅ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይማራል፤ ሥርዐት እንደ ተራራ በተፈጥሮ የበቀለ ሳይሆን ሰው ያወጣው መሆኑን። በአገራችን የቀድሞው የመሬት ሥሪት ለዘመናት የማይነቃነቅ ይመስል ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን በአንድ አዋጅ ተሻረ። በአዋጁ ጥቅምና ጕዳት ላይ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት ሌላ ዓይነት አገር በአሳቡ ለማየት የቻለ ሰው ባይኖር ኖሮ፥ ክርክሩም ባልኖረ ነበር። ደግሞም አዲስ ሥርዐት ሲታቀድ፥ ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ አብሮ ካልታሰበ ምን እንደሚደርስ ያ ዘመን በሚገባ አስተምሮናል። የአረንጓዴዋ ፀሐይ ትምህርት በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለን። እኛ ባናቅደው ሌላው ያቅድልናል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፉ፥ የሐበሻ መሳፍንት በተራሮች በተዘጋ የደስታ ሸለቆ ውስጥ እንደሚኖሩ አድርገው ነበር። አገራችንን በዓይናቸው አላዩም፤ የሚያውቁት የኢየሱሳዊውን መነኵሴ የሎቦን የጕዞ መጽሐፍ ቀደም ብለው፥ በ1735፥ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጐማቸው ነው። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታልና እኛም አንብበነዋል። ቁም ነገር ያለበት መጽሐፍ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን እንግሊዛዊው አምባችንን ወስዶ ምናብ ሲሠራበት፥ የእኛ ወጣት ደራሲ ደግሞ ያላየውን የበረዶ ጫካና የድንጋይ ግንብ መዋሱ የሚያሳዝን ልውውጥ ነው። ከአንድ ገደል አፋፍ ቆሞ ቍልቍል ቢመለከት ከላይ ገብስ፥ ከመካከል ጤፍ፥ ከታች ማሽላ ያያል። ሦስት አየር፥ ሦስት ማዕድ፥ ሦስት ዓይነት ኑሮ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አሉለት። ዓመቱ 13 ወር ነው፤ ቀኑም የሚቈጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። ለሌላ አገር ደራሲ ይህ ሁሉ ምናብ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን መነሻ ነው።

በመጨረሻም አንድ አሳብ አቅርበን እንቀመጣለን። የክበባችን አባሎች ለሚመጣው ስብሰባ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይዘው ይምጡ፤ በገጹም ላይ አንድ ካርታ፥ አንድ ሕግና አንድ ዋጋ ብቻ ይኑር። ካርታውን የጂኦግራፊ፥ ሕጉን የሕግ፥ ዋጋውን የኤኮኖሚክስ መምህራን እንዲመረምሩልን በትሕትና እንለምናለን። ወንዙ ወደ ላይ የሚፈስ፥ ሕጉ ራሱን የሚያፈርስ፥ ገበያውም ያለ ሻጭ የሚቆም ሆኖ ከተገኘ፥ ሳይራሩ ይንገሩን። ታሪኩን ከዚያ በኋላ እንጽፋለን።