ፊያት በአውቶቡስ ተራ፦ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ምሕንድስና



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ የጋበዙኝ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወይም ስለ ሌላ አዲስ ነገር እንደምናገር ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ስለ አሮጌ አውቶቡስ መናገርን መርጫለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ላይ እገልጻለሁ። ለጊዜው ከመርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ልነሣ።

በ1988 ዓ.ም. ገደማ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከአባቴ ጋር ወደ ደሴ ለመሄድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በመናኸሪያው በር ቆመን ነበር። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በሌሊት መጓዝ ስለማይፈቀድለት፣ መንገዱን በቀን ብርሃን ለመጨረስ ሁሉም ጎሕ ሲቀድ ለመነሣት ይሽቀዳደም ነበር። ከዚያ ማለዳ በአእምሮዬ የቀረው፣ በብርድ የተነሣ ሞተር የሚተፋው ነጭ ጭስና ከራሳችን በላይ የሚሰማው ኮቴ ነው፤ ረዳቶች ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥተው በርበሬውን፣ አልጋውንና በጉን ሳይቀር በሸራና በገመድ ይጠፍሩ ነበር። የእኛ አውቶቡስ መሪው በቀኝ በኩል ነበር። «አባባ፣ ሹፌሩ ለምን በዚያ በኩል ተቀመጠ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አባቴ «ገደሉን እንዲያይ ነው» አሉኝ። ሊያስፈራሩኝ የቀለዱ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። በጣሊያን አገር ትራፊክ በቀኝ የሚሄድ ቢሆንም፣ የከባድ መኪና መሪ ለረጅም ዘመን በቀኝ ይደረግ ነበር፤ ሹፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የጠርዙን ልክ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ለእኛ አገር መንገድ ይህ ፈጽሞ የተስማማ ነበር። ችግሩ ሌላ መኪና ለመቅደም በተፈለገ ጊዜ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ የሹፌሩ ዓይን በግራ በኩል ያለው ረዳት ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስትነዳ ቆይታ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ መዞሯ ነው። ለአንድ መካኒክ ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደ ነበረ አስቡት። በግራ ጎኑ በር የነበረው አውቶቡስ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተሳፋሪውን ወደ መኪና መሐል የሚያወርድ ሆነ ማለት ነው። አንዱን ጎን ቀዶ በር ማውጣት፣ ሌላውን በላሜራ መድፈን የማን ሥራ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ስለ ፊያት ስናገር በተለይ ስለ 682 ነው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1952 መመረት የጀመረው ይህ መኪና፣ ስድስት ሲሊንደሮችን በአንድ መሥመር የደረደረ፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነበረው። ሦስተኛው ዓይነት በጣሊያንኛ አጠራሩ «ኤንትሬ» እየተባለ የአገሬው ስም ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ አምቼ ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ የፊያት መኪና መገጣጠም የአገር ውስጥ ሥራ ሆነ። ቋንቋችንም ሳይቀር ከዚህ መኪና ጋር ተገጣጥሟል፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ የምንለው ሁሉ ከጣሊያን ጋራዥ የመጣ ነው። እኔ ራሴ በዩኒቨርሲቲ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ተምሬ ስለ ነበር፣ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት መፍቻ አቀብል ሲሉኝ እንጂ ሌላው አይገባኝም ነበር።

ያ ሥራ በመርካቶ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ዘመኑም 2003 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ አሮጌ ፊያት ለጥገና ገባ። የውሃ ሙቀት መለኪያውን መስታወት ስመለከት፣ ከቀዩ መሥመር በጣም ዝቅ ብሎ የተቀባ ነጭ ጭረት አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በቤንዚን ጠረግሁት። አውቶቡሱ ተጠግኖ፣ መኪናውን ለማያውቅ አዲስ ሹፌር ተሰጥቶ ወደ ደሴ ሄደ። ሲመለስ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ጣርማ በርን በመውጣት ላይ ሳለ ውሃው ገነፈለ፤ ቴስታታው ተሰነጠቀ፤ ተሳፋሪው ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ በዚያ ብርድ እስከ ምሽት ቆመ። መለኪያው ግን ቀዩ ላይ አልደረሰም ነበር።

እንደምናውቀው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ይካካስ ነበር፤ ያረጀ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም። አየሩም እዚያ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አራተኛ በላይ ስለሚሳሳ፣ ፖምፓው በፋብሪካው ልክ ናፍጣ ከሰጠ የሚተርፈው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼው ነበር። ዋናው መካኒክ ግን በአንዲት የቀለም ጭረት ገልጸውት ነበር፤ ፖምፓውንም ቀንሰው ያሠሩት እሳቸው ነበሩ።

«ኢንጂነር፣ ያ ምልክት የት ሄደ?» አሉኝ።

«ቆሻሻ መስሎኝ እኔ ነኝ የጠረግሁት፣ ጋሼ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መጽሐፉ እኮ የተጻፈው ባሕር ዳር ተቀምጦ ነው» አሉ። ከተማይቱን ማለታቸው አልነበረም። ከዚያም ብሩሻቸውን አምጥተው ጭረቱን እንደገና ቀቡት።

የሹፌሮቹም ዕውቀት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። 12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ይህን ያህል ሲወርድ ወደ 140 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል መጣል አለበት፤ ይኸውም ሁለት በርሜል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ፍሬን ላይ ያፈሰሰ ሹፌር ድልድዩ ዘንድ ሳይደርስ ፍሬን አልባ ይሆናል። ስለሆነም ነባሮቹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሽቅብ በሚወጡበት ማርሽ ገብተው ሞተሩ እንዲይዝ ያደርጉ ነበር። ለጀማሪ ሲያስተምሩም «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ከማለት በቀር ሌላ ሐተታ አያበዙም።

እስካሁን የተናገርኩት የሚያስመሰግን ነው። የማያስመሰግነውን ብሸሽግ ግን ንግግሬ ከናፍቆት አያልፍም። እነዚህ አውቶቡሶች ብዙዎቹ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በእጅ የተሠሩ ነበሩ፤ «ቅጥቅጥ» የሚለው ስም ለኋለኞቹ ትናንሽ አውቶቡሶች የተሰጠው ላሜራው በመዶሻ ከመቀጥቀጡ የተነሣ ነው። ተጨማሪ ወንበር እንዲገባ ሻንሲው ከኋላ ይቀጠላል። በ2005 ዓ.ም. አንዱን ጉድጓድ ላይ አቁመን ከሥር ሳየው፣ ቅጥሉ በኋለኛው ባሌስትራ መያዣ አጠገብ፣ ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተበይዶ አገኘሁት። መታጠፊያ ጉልበቱ የሚበረታው እዚያው ላይ ነው። ቅጥሉ ከዚያ መራቅ፣ በሰያፍ መቆረጥና በብሎን የታሰረ ደጋፊ ላሜራ ማግኘት ነበረበት። ለባለ ንብረቱ ነገርኳቸው። «ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ነው የበየደው» አሉኝ። ጭረቱን የጠረገው እጄ ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ ሁለተኛ አልተናገርኩም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በጥገናው ሪፖርት ላይ አልጻፍኩትም።

አውቶቡሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ብየዳው እስከ ግማሹ ተሰንጥቆ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ረዳቱ የማያውቀውን ድምፅ ሰምቶ አስቁሞት ነው። ስድሳ ያህል ሰው ዕለት ዕለት በዚያ ስንጥቅ ላይ ተቀምጦ መጓዙን ሳስብ፣ እኔ ያልጻፍኳት አንዲት መሥመርና መካኒኩ የቀቧት አንዲት ጭረት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይታዩኛል።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልምጣ። ስለ አውስትራልያ አሮጌ አውቶቡሶች ባነበብኩ ጊዜ አንድ ነገር አስደነቀኝ። እዚያም ሌይላንድና ኤ.ኢ.ሲ. የተባሉት ሻንሲዎች ከእንግሊዝ አገር እየመጡ፣ አካላቸው ብዙውን ጊዜ በዚያው ይሠራ ነበር፤ ከእኛ ጋር ዘመድ ናቸው። ልዩነቱ፣ በሲድኒ የአውቶቡስ ሙዚየም ተቋቁሞ በጎ ፈቃደኞች እነዚያን መኪኖች በሚሠሩበት ሁኔታ ጠብቀው ማቆየታቸው ነው። በእኛ ዘንድ የተቀመጠ አንድ የአካል ንድፍ፣ አንድ የሻንሲ ቅጥል ልኬት ፈልጌ አላገኘሁም። የትኛው ሥራ ጥሩ፣ የትኛው አደገኛ እንደ ነበር ለይቶ የሚያስረዳ ሰነድ ስለሌለ፣ የተበየደው ሁሉ በአንድ ቃል «ልምድ» ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ያረጀው ፊያት መጨረሻው ከአውቶቡስ ተራ ሩቅ አይደለም። የሚጠቅመው ዕቃ ተፈትቶ ሶማሌ ተራ ይገባል፤ የቀረው ብረት ምናለሽ ተራ ተቆራርጦ ምድጃና ማጭድ ይሆናል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ሊቆረጥ የደረሰ ፊያት አውቶቡስ እንዳለ ነገረኝና ሜትርና ደብተር ይዤ ሄድኩ። ለሁለት ቀን ለካሁ። ሠራተኞቹ በመጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን የሜትሩን ጫፍ ይዘውልኝ፣ የማላውቀውን የእያንዳንዱን ብረት ስም ነገሩኝ። ሥዕሉ በስድስት ገጽ ተዘጋጅቶ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ከስብሰባው በኋላ ማየት ይቻላል። አንድ ልኬት ይጎድለዋል። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ስደርስ፣ የኋለኛው የሻንሲ ቅጥል በካርቦን ተቆርጦ ተወስዶ ነበር። በእርሱ ቦታ ላይ ነጠብጣብ መሥመር አድርጌበታለሁ፤ የዚያን ዓይነት አውቶቡስ ቆሞ ያየ ባልደረባ ካለ፣ አድራሻውን ቢሰጠኝ ሜትሩን ይዤ እሄዳለሁ።