ደራሽ ሁሉንም እኩል አይመታም
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን የድሬዳዋ ሰው ደቻቱን እያየ ያደገ ስለሆነ ይህ ትምህርት አይርቀውም።

እንደሚታወቀው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ደራሽ ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በሺህ የሚቆጠሩት መጠለያ አጡ።

ታዲያ ይበልጥ የተጎዳው ማን ነበር? ከፍ ካለ ቦታ ግንብ ቤት ያለው አይደለም። አቅሙ የፈቀደለት ወንዝ ዳር ብቻ ሆኖ እዚያ ጎጆውን የቀለሰው ነው። ዝናቡ የዘነበው ለሁሉም ነው፤ ጉዳቱ ግን እኩል አልተከፈለም።

የመስኩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ በሚወጣው ጭስ የተነሣ ዓለማችን ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከነበረችበት ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። ስለዚህ ሲያወርደው በኃይል ያወርደዋል። የ1998ቱን ጎርፍ ያመጣው ሙቀቱ ብቻ ነው አንልም፤ የተራራው መራቆትና የወንዝ ዳር አሰፋፈራችንም ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ዓለም በሞቀች መጠን ከባድ ዝናብ እየበረታ ይሄዳል።

ያው ሙቀት በሌላ በኩል ያደርቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌና በቦረና ቆላ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ከዳ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ፋብሪካ የለው፣ መኪና የለው! አፍሪካ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 18 ያህሉን ይዛ፣ ከምትለቀው የካርቦን ጭስ ድርሻዋ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. መንግሥታት ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተሰብስበው ለተጎጂ አገሮች የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም መስማማታቸው የዚህን ፍርደ ገምድልነት ማመን ነው።

እንግዲህ ደራሽ ፈንድ እስኪመጣ አይጠብቅም። ለትልልቆቹ አገሮች የምንለውን ለራሳችንም እንበል፤ በሰፈራችንም ከፍታ ላይ ያለነውና ወንዝ ዳር ያሉት ጎረቤቶቻችን አንድ ዓይነት ስጋት የለብንም። በመሆኑም ክረምት ሳይገባ የሚከተለውን እንድናደርግ እናሳስባለን።

1ኛ. ቦይ ውስጥ ቆሻሻ አንጣል። ላይ የጣልነው ታች ያለውን ቤት ነው የሚያጥለቀልቀው።

2ኛ. ወንዝ ዳር የሚኖሩ አዛውንት፣ አራሶችና መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎች ይመዝገቡ። ማን ማንን ደግፎ እንደሚያወጣም ከአሁኑ ይወሰን።

3ኛ. እዚህ ሰማዩ ጠራ ብለን አንዘናጋ። ደጋ ዘመድ ያለን እየደወልን እንጠይቅ። ወጣቶች በሌሊት ተራ ገብተው፣ ውሃ ሲመጣ በፊሽካ ያስጠንቅቁ።

4ኛ. ከፍታ ላይ ያለን በዚያች ሌሊት በራችንን እንክፈት።

ማንም ሰው አሸዋው ላይ እንዳይተኛ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት አደራ እንላለን። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።