ጎማና በረዶ በስሜን ከፍታዎች፦ የመንሸራተት መከላከያ አመራረጥ



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ለብዙዎቻችሁ የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በበረዶ ላይ ስለ መንዳት ሲነሣ አእምሯችን ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ሚኒሶታ ይሄዳል። ሆኖም ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሒትን አፋፍ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚዘልቀው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር አልፎ ይወጣል። በዚህ መንገድ ገበያተኛ፣ ተማሪ፣ የጤና ባለሙያና ታማሚ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ጥያቄው የራሳችን ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከአዱሊስ ገልብጦ ባቆየልን የአክሱም ዘመን ጽሑፍ ላይ፣ ንጉሡ በስሜን ተራሮች ያደረገው ዘመቻ ሲተረክ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ተጠቅሷል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥልቅ በረዶ የምናየው ነገር አይደለም። የምናየው ሌላ ነው፤ ለመኪና ያለው አደጋ ግን አያንስም።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በዕለታዊ አነጋገራችን «በረዶ» የምንለው ጎማ የሚለያቸውን በርካታ ነገሮች ይጠቀልላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው ጠጣር በረዶ አለ፤ ከጎማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል። አልፎ አልፎ በከፍተኛዎቹ ጫፎች ላይ የሚጥለው አመዳይ አለ፤ ጎማ ሲረግጠው ይጠቀጠቃል። በበጋ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ፤ በመንገዱ ላይ የተኛውን ውኃ ወደ መስታወት ይለውጠዋል። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን የአየር ጠባይ በሙሉ «ውርጭ» ብለው መሰየማቸው በከንቱ አልነበረም። ለእነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም።

ወደ ስሌቱ እንለፍ። ጎማ መንገድን የሚይዝበት አቅም በሰበቃ መጠን ይለካል። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ መጠን በግምት 0.7 ነው፤ በተጠቀጠቀ አመዳይ ላይ ከ0.2 እስከ 0.3፤ በግግር በረዶ ላይ ደግሞ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሜዳ ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል፤ በግግር በረዶ ግን 63 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በረዶ ደግሞ ይበልጥ የሚያንሸራትተው ሊቀልጥ ሲቃረብ ነው። የእኛ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ያለ በመሆኑ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ ከደረቀው የሰሜን አገሮች በረዶ ይልቅ አታላይ ነው።

አሁን ሜዳውን ትተን 12 በመቶ ተዳፋት ያለው ቁልቁለት እናስብ። የሰበቃው መጠን 0.1 ከሆነ የመሬት ስበት ከሰበቃው ይበልጣል። አራቱም እግሮች በፍሬን ቢታሰሩ እንኳ መኪናው አይቆምም፤ እየፈጠነ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሹፌር ብቃት የሚጨምረው ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚስተውም ይህን ነው፦ አራቱም እግሮቹ የሚጎትቱ መኪና ዳገት በመውጣት ረገድ ብልጫ አለው፤ በመቆም ረገድ ግን ከሌላው አይለይም። ያለ ችግር መውጣቱ ሹፌሩን ያደፋፍረዋል፤ ከአፋፉ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ግን ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ምርጫዎቹን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ጎማው ራሱ ነው። የክረምት ጎማ የሚባለው ላስቲኩ በቅዝቃዜ የማይደርቅ፣ ጥርሱም በጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላ ነው። በአመዳይ ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከጎንደር ሙቀት ተነሥቶ በጠጠር መንገድ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ቶሎ ያልቃል። ለእኛ የሚበጀው ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ነው፤ ያለቀ ጎማ በጭቃም በበረዶም እኩል ከዳተኛ ነውና።

ሁለተኛው ባለ ሚስማር ጎማ ነው። በግግር በረዶ ላይ ውጤታማ ቢሆንም ባዶ መንገድን ያርሳል፤ አቧራውም ጤና ይጎዳል። ጀርመን ከ1970ዎቹ ጀምራ ከልክላዋለች፤ ጃፓንም በ1990 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታበታለች። በዓመት ውስጥ በረዶ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በሚገኝበት መንገድ ላይ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው ሰንሰለት ነው። ዋጋው ከጎማ ያነሰ ነው፤ ሲያስፈልግ ይታሰራል፤ ሳያስፈልግ ይፈታል፤ በክረምት ጭቃም ያገለግላል። ስሌቱን እንመልከት። ክብደቱን በእኩል የሚሸከሙ የፊትና የኋላ እግሮች ያሉትን መኪና እንውሰድ። ሰንሰለት በኋላ እግሮች ላይ ብቻ ታስሮ እዚያ ያለው ሰበቃ ወደ 0.25 ከፍ ቢል፣ የመኪናው አማካይ 0.175 ይሆናል። ይህ ከ0.12 ስለሚበልጥ መኪናው በዚያው ቁልቁለት መቆም ይችላል። ነገር ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚሆን ፍጥነት ለመቆም 29 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። መሪውን የሚታዘዙት የፊት እግሮችም እንደ ቀድሞው ያንሸራትታሉ። ስለዚህ ሰንሰለት የሰው እርምጃ በሚመስል ፍጥነትና በከባድ ማርሽ ካልታገዘ ዋስትና አይሆንም። መታሰር ያለበትም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳ ቦታ ላይ ነው። በረዶው ሲያልቅም ወዲያው መፈታት አለበት፤ ጠጠር ሰንሰለትንም ጎማንም ይበላል።

አራተኛው አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ነው። በአደገኛ ኩርባዎች አጠገብ አስቀድሞ ቢከመር፣ አካፋ የያዘ ረዳት በደቂቃዎች ውስጥ ሊበትነው ይችላል። በሌላው ዓለም በብዛት የሚረጨውን ጨው ግን አልመክርም። መንገዱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ በኩል ያልፋል፤ ጨው ከበረዶው ውኃ ጋር ወደ ምንጩና ወደ ሣሩ ይወርዳል፤ ዋልያውም የሚግጠው ከዚያው ነው።

አምስተኛው ዋጋ የማይጠይቀው ነው፦ መጠበቅ። የስሜን በረዶ የሰሜን አገሮች በረዶ አይደለም። በክረምት የወረደው ጠጣር በረዶ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፤ የበጋው ውርጭም ረፋድ ላይ ይለቃል። ስለዚህ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና በበጋ ከማለዳ ይልቅ ረፋድ ላይ፣ በክረምት ደግሞ ከቀትር በፊት አፋፉን እንዲያልፍ የመነሻ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ከማናቸውም መሣሪያ የበለጠ ሕይወት ይጠብቃል።

ግን መጠበቅ የማይችል አለ። ምጥ የያዛት እናት ከድልይብዛ ወደ ደባርቅ ሪፈር ስትባል ፀሐይ እስክትወጣ አይባልም። የምርጫችን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሁሉም መኪና ሁሉን መግዛት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ለመንገደኛው መኪና ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ታኮና የታሰበበት የመነሻ ሰዓት ይበቃዋል። ለአምቡላንሱ ግን ሰንሰለት፣ አካፋ፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ፣ ከሁሉም በላይ ሰንሰለቱን በጨለማና በቀዘቀዘ እጅ ማሰር የተለማመደ ሹፌርና ረዳት ያስፈልጉታል። ያልተለማመዱት ሰንሰለት በመኪናው ውስጥ የተኛ ብረት ነው።

ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ትቼ ልጨርስ። በእነዚህ ኩርባዎች ላይ ያለውን ተዳፋት በሜትር ለክቶ፣ በረዶ የሚቆይባቸውን ጥላማ ቦታዎች መዝግቦ፣ አሸዋው የት የት መከመር እንዳለበት የሚያሳይ ካርታ ማዘጋጀት ከመመረቂያ ጽሑፍ ርእሶች መካከል ሊገኝ ይገባዋል። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ሥራውም ከአቅማችን በላይ አይደለም።